የአባቴ ደብዳቤዎች የት ገቡ?

ከአራት ዓመት በፊት ሥራ ስቀይር ላፕቶፑንና መታወቂያውን ፈርሜ አስረከብኩ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የቢሮ ኢሜይሌን በስልኬ ልከፍት ብሞክር እንቢ አለኝ፤ አካውንቱ ተዘግቷል። ድርጅቱ መብቱ ነው፤ ስህተቱ የእኔ ነበር። አባቴ አሜሪካ እህቴ ዘንድ በከረመባቸው ሁለት ዓመታት የጻፈልኝን ሁሉ የተቀበልኩት በዚያ አድራሻ ነው። ዛሬ አባቴ በሕይወት የለም። በእጄ የቀረችው ለባለቤቴ አስተላልፌያት የነበረች አንዲት ደብዳቤ ብቻ ናት፤ በረዶ ሲጥል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ዕለት የጻፋት።

ብዙዎቻችን ኢሜይላችን ስልካችን ውስጥ ያለ ይመስለናል። ዋናው ያለው ግን አገልግሎቱን የሚሰጠው ድርጅት ሰርቨር ላይ ነው። ሰው ቤት እንዳስቀመጡት ዕቃ ማለት ነው፤ ባለቤቱ በሩን ከዘጋ አይገኝም። የግል አድራሻም ቢሆን ገደብ አለው። ጂሜይል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ከፎቶዎቻችንና ከድራይቭ ጋር የጋራ ነው፤ ሲሞላ አዲስ መልእክት አይገባም። ጉግል ደግሞ ለ2 ዓመት ያልተከፈተን የግል አካውንት ሊሰርዝ እንደሚችል በ2023 እ.ኤ.አ. አስታውቋል።

እንዴት እናስቀምጥ?

እኔና ባለቤቴ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለዚህ ሰጠን። ተንደርበርድ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ኮምፒውተራችን ላይ ጭነን አድራሻችንን አስገባን። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በተለመደው «አይማፕ» በሚባለው መንገድ ከገቡ ኮምፒውተሩ የሰርቨሩን ይከተላል፤ እዚያ የጠፋ እዚህም ይጠፋል። ስለዚህ የሚወዷቸውን መልእክቶች «ሎካል ፎልደርስ» ወደሚለው ክፍል ኮፒ ያድርጉ። ከዚያ ኢንተርኔቱን አጥፍተው ይሞክሩ፤ መልእክቱ ከነፎቶው ከተከፈተ ተሳክቷል። ጂሜይል የሚጠቀሙ ደግሞ «ጉግል ቴክአውት» በሚለው አገልግሎት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማውረድ ይችላሉ።

ላፕቶፕም ይሰረቃል፣ ይበላሻል። ስለዚህ ሁለተኛ ቅጂ በሃርድ ዲስክ ይያዙ፤ ሁለቱንም በይለፍ ቃል ይቆልፉ። የሥራ ኢሜይል ላይ ግን የድርጅቱ ሰነድ የድርጅቱ ነው። የቤተሰብ ጉዳይ ከመጀመሪያው በግል አድራሻ ይሁን፤ የቢሮው ውስጥ የገባ የግል መልእክት ካለ ደግሞ ከመልቀቂያው ቀን በፊት ጠይቀው ይውሰዱ።

ያን ቅዳሜ የልጃችንን የክትባት ቀጠሮዎች፣ የቤት ኪራይ ውሉንና የትምህርት ማስረጃዎቻችንን አገኘን። የአባቴ ደብዳቤ አሁን ሦስት ቦታ አለች። ሌሎቹን ግን የትም ብፈልግ አላገኛቸውም።