ሀብታሙ በብር ጠጣ፣ ሸክላው ለእኛ ደረሰ

ሥዕል ያለበት የጥንት ግሪክ ሸክላ በውድ ዋጋ ተሸጠ በተባለ ቁጥር፣ «መሳፍንቱ ይጠጡበት የነበረ የቅንጦት ዕቃ» የምትል ቅጥያ ከዜናው አትጠፋም። ይህ የዛሬን ገበያ በጥንቱ ሰው ላይ መለጠፍ ነው። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የጥንቱ የአቴና ሠዓሊ ኤውፍሮኒዮስ የሣለበትን ወይን ከውሃ የሚቀየጥበት ማድጋ በ1972 እ.ኤ.አ. አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሎ ገዝቶታል። በጥንቱ ዘመን ግን በሸክላዎች ሥር ተጭረው የተገኙት ዋጋዎች ከጥቂት ድራክማ አይዘሉም። የባለጸጋ ማዕድ የሚለየው በብር ጽዋ ነበር።

ታዲያ ሙዚየሞቹን የሞላው ለምን ሸክላ ሆነ? ምክንያቱ ያው ዋጋው ነው። አንዴ የተተኮሰ ሸክላ ተመልሶ ጭቃ አይሆንም፤ ሲሰበር ይጣላል፣ ስባሪው ግን መሬት ውስጥ ሺህ ዓመት ይቆያል። ብር በ961 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ ሲቀልጥም የሚጠፋው የአንጥረኛው ድካም እንጂ ብሩ አይደለም። በአቴና ቤተ መቅደሶች የንብረት መዝገብ ዕቃዎቹ ከነክብደታቸው የሰፈሩት በከንቱ አልነበረም። ፊያሌ የሚባለው እጀታ የለሽ ጎድጓዳ ጽዋ ብዙ ጊዜ 100 ድራክማ፣ ማለትም 430 ግራም ያህል ይመዝናል። ድራክማ ደግሞ ሚዛንም ገንዘብም ነበር። ስለዚህ ጽዋው ሲቸግር እንደሚሸጥ የአንገት ወርቅ የተቀመጠ ጥሪት ነበር፤ ጦርነት ወይም ዕዳ ሲመጣ ምድጃ ይገባል። ከጥፋት ያመለጠው በአብዛኛው ከባለቤቱ ጋር የተቀበረው ነው።

«ከጠፋ እንዴት ታወቀ?» የሚል አይጠፋም። የጥንቱ የታሪክ ጸሐፊ ቱኪዲደስ እንደጻፈው የሲሲሊዋ ሴጌስታ ሰዎች ለአቴና መልእክተኞች ሀብታም ለመምሰል ከጎረቤት ከተሞች ሳይቀር የወርቅና የብር ጽዋ ተውሰው፣ ያንኑ ዕቃ ከግብዣ ግብዣ አዘዋወሩት። አቴናውያኑም ተታለሉ። ሸክላ ደርድረው ቢሆን ኖሮ ማን ይደነቅ ነበር?

አጨቃጫቂው ጉዳይ ሌላ ነው። የጥንት ግሪክ ጥበብ ተመራማሪዎቹ ማይክል ቪከርስና ዴቪድ ጊል የሸክላው ጥቁር ቅብ በአየር ውስጥ ባለ ድኝ የጠቆረ ብር፣ ቀዩ ምስል ደግሞ ወርቅ ለመምሰል የተሠራ ነው ይላሉ። ሌላው የዘርፉ ምሁር ጆን ቦርድማን ግን ብር የሚወደደው ነጭ ሆኖ ሲያበራ ነው ብለው ተቃውመዋል። በቡልጋሪያ ዱቫንሊ ከተገኘው የብር ጽዋ ውስጥ የጨረቃዋ አምላክ ሴሌኔ ፈረስ ላይ ተቀምጣለች፤ ምስሏ በወርቅ ተለብጧል፣ ዙሪያዋ ብር ነው፣ ጠጪው አይቷት የሚረካው ወይኑን ሲጨልጥ ነው። ከቀይ ምስል ሸክላ ጋር መመሳሰሉ አይካድም። ሆኖም ጽዋው ከክርስቶስ ልደት በፊት የ5ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ሲሆን፣ የሸክላው ስልት የጀመረው ቀደም ብሎ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ520 አካባቢ ነው። የቀደሙት ብሮች ቀልጠው ይሆናል፤ ግን የቀለጠ ዕቃ ለማንም ወገን ምስክር መሆን አይችልም። ስለ ቀለሙ ቦርድማን ያመዝኑብኛል። የዋጋው ክርክር ግን በቀለም ላይ አልቆመምና፣ ቪከርስና ጊል በቀለሙ ቢረቱ እንኳ ሸክላው ውድ አይሆንም።