የሴናተር ወንበር የማን ነው? ከቻርልስ ሰምነር እስከ ሐዲስ ዓለማየሁ



በ19ኛው መቶ ዘመን አሜሪካ ከጥብቅና ተነሥቶ ሴናተር መሆን የተለመደ መንገድ ነበር። ከብዙዎቹ ቻርልስ ሰምነርን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1811 ቦስተን ተወልዶ በሃርቫርድ ሕግ አጠና። በ1849 የቦስተን ጥቁር ሕፃናት ተለይተው መማራቸውን በመቃወም በማሳቹሴትስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተሟገተ፤ ተረታም። ከሁለት ዓመት በኋላ የግዛቱ ምክር ቤት ለወራት ከተወዛገበ በኋላ በአንድ ድምፅ ብልጫ ሴናተር አደረገው፤ ያን ጊዜ ሴናተር የሚመርጠው ሕዝቡ በቀጥታ አልነበረምና። በ1856 ባርነትን በመንቀፉ በዚያው በሴኔቱ አዳራሽ በከዘራ ተደብድቦ ለሦስት ዓመት ያህል ከሥራው ራቀ። የወከለው ግዛት ግን ወንበሩን ለሌላ አልሰጠበትም፤ እንዲያውም መልሶ መረጠው።

በእኛ ዘንድስ? የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላትን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው እንዲሾሙ ደነገገ፤ ተሿሚዎቹም በመስፍንነት፣ በሚኒስትርነት፣ በዳኝነት ወይም በጦር አለቅነት ለረጅም ጊዜ ያገለገሉ መኳንንት ነበሩ። «በላ ልበልሃ» እያለ ሲሟገት በኖረ አገር ጠበቃ ከዝርዝሩ መቅረቱ ይገርማል። የ1948ቱ ማሻሻያ የሕግ መምሪያውን ምክር ቤት በሕዝብ ሲያስመርጥ፣ ሴናተሮችን ግን ለስድስት ዓመት በሚሰጥ ሹመት ላይ አስቀራቸው።

ዛሬ ከተሰባሰብንባት ከይጁቤ ብዙ ሳይርቅ፣ በደብረ ማርቆስ አካባቢ በእንዶዳም በ1902 የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በዚህ ሹመት የተቀመጡ ሰው ናቸው። የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል፤ በጠላት ወረራ ዘምተው ከራስ እምሩ ጋር ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተግዘዋል። ከነጻነት በኋላ በዲፕሎማትነት፣ ከዚያም በትምህርትና በፕላን ሚኒስትርነት ሠርተዋል። ባላባታዊውን ሥርዓት የተቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ከታተመ በኋላ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እስከ አብዮቱ ድረስ በሴናተርነት ቆዩ። ሰምነርን ለወንበሩ ያበቃው ክርክሩ ነው፤ እሳቸውን ግን የአገልግሎት ዘመናቸው ነው።

ጉድለቱ በሰዎቹ አልነበረም እላለሁ። ምክር ቤቶቹ ያጸደቁት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በ1960 ጎጃም ሲደርስ፣ ገበሬው ርስቴ ሊለካብኝ ነው ብሎ ሰጋ። ይህን ስጋቱን በሕግ መወሰኛው ፊት የሚያቀርብለት፣ ባያቀርብለትም በምርጫ የሚጠይቀው ሴናተር ግን አልነበረውም፤ ወንበሩ የጎጃም ሳይሆን የዙፋኑ ነበርና። በሞጣና በቢቸና ሙግቱ በጠመንጃ ሆነ፤ መንግሥትም ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ አዋጁን በጎጃም ከማስፈጸም ታቀበ።