ነጭ እባብ ከየት ይመጣል?

ሁለት ነጭ እባቦች አሉ እንበል። ሁለቱም ቦል ፓይተን የሚባለው፣ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ተወላጅ የሆነው ትንሽ ዘንዶ ናቸው። ከራስ እስከ ጅራታቸው አንዲት ጥቁር ነጥብ የለባቸውም። ጎልቶ የሚለያቸው ዓይናቸው ነው፤ የአንዱ ሰማያዊ፣ የሌላው ጥቁር። አርቢው «ነጭ ከነጭ ነጭ ይወልዳል» ብሎ ያዳቅላቸዋል። እንቁላሎቹ ሲፈለፈሉ ግን ነጭ ግልገል አይገኝም፤ ሁሉም ቡናማና ቢጫ ዥጉርጉር ሆነው ይወጣሉ።

ተቃራኒውም ይሆናል። በአርቢዎች ዘንድ «ሞሃቪ» እና «ሌሰር» የሚባሉ ሁለት ቡናማ እባቦች ሲዳቀሉ፣ በአማካይ ከአራት ግልገሎች አንዱ ፍጹም ነጭ ሆኖ ከእንቁላሉ ይወጣል። ነጭ ከነጭ ተወልዶ ቡናማ፣ ቡናማ ከቡናማ ተወልዶ ነጭ የሚሆነው የልጁን መልክ የሚወስነው የወላጆቹ መልክ ሳይሆን የሚያወርሱት ጂን ስለሆነ ነው፤ በእባብ ቆዳ ላይ ደግሞ ነጭነት የአንድ ጂን ሥራ አይደለም። ብዙ መንገዶች ወደ አንድ መልክ ያደርሳሉ። ዓይን የሚያየው መልኩን ብቻ ነው፤ የእንስሳውን ጤናና የልጆቹን ዕጣ የሚወስነው ግን የመጣበት መንገድ ነው።

መንገዶቹን ለመለየት ከቆዳው መጀመር ይገባል። የእባብን ቀለም የሚሠሩት በዋናነት ሦስት ዓይነት ህዋሳት ናቸው። ሜላኖፎር የሚባሉት ሜላኒን የተባለውን ጥቁርና ቡናማ ቀለም ይይዛሉ። ዛንቶፎር የሚባሉት ቢጫውንና ቀዩን ይሰጣሉ። ኢሪዶፎሮች ደግሞ ቀለም የላቸውም፤ በውስጣቸው የተደረደሩ ጥቃቅን የጉዋኒን ክሪስታሎች ብርሃንን መልሰው ያንጸባርቃሉ። ሦስቱም መነሻቸው አንድ ነው። ፅንሱ ገና በእንቁላሉ ውስጥ ሳለ፣ በጀርባው በኩል ከሚፈጠረው የነርቭ ሥርዓት ጠርዝ ተነስተው ወደ ቆዳው ይጓዛሉ፤ እዚያም ቦታቸውን ይዘው ይበስላሉ።

አንድ ቤት ሳይቀባ የሚቀረው በሁለት ምክንያት ነው፤ ወይ ቀቢው መጥቶ ቀለም ያጣል፣ ወይ ቀቢው ራሱ ሳይመጣ ይቀራል። የእባብ ነጭነትም በአብዛኛው በእነዚህ በሁለቱ ይከፈላል።

የመጀመሪያው አልቢኒዝም ነው። ህዋሳቱ በቦታቸው አሉ፤ ሜላኒን ግን መሥራት አይችሉም። በዚህ ረገድ ረጅም ታሪክ ያለው የሰሜን አሜሪካው የበቆሎ እባብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በኖርዝ ካሮላይና አንድ አልቢኖ የበቆሎ እባብ ከዱር ተያዘ። የቆዳ ሐኪም የነበሩት በርናርድ ቤክተል ከባለቤታቸው ከኤልሳቤጥ ጋር እንስሳቱን አዳቅለው የውርሱን መንገድ ተከታተሉ፤ በ1962ም አልቢኒዝሙ በድብቅ ጂን እንደሚተላለፍ የሚያሳየውን ጽሑፋቸውን አሳተሙ። ድብቅ ሲባል ከአባትም ከእናትም የተበላሸው ቅጂ ካልተወረሰ መልኩ አይታይም ማለት ነው። አንድ ቅጂ ብቻ የያዘው እባብ ከሌላው አይለይም፤ ጂኑን ግን ለልጆቹ ያስተላልፋል።

የተበላሸው ጂን ማንነት የታወቀው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአልቢኖ የበቆሎ እባቦች ውስጥ «ኦ ሲ ኤ 2» በሚባለው ጂን ላይ አንድ ባዕድ የዲኤንኤ ቁራጭ ተሰክቶ አገኙ። ይህ ቁራጭ በጂኖም ውስጥ ራሱን እየቀዳ ከቦታ ቦታ ከሚሸጋገሩት ወገን ነው። ባረፈበት ቦታ ጂኑን ከሥራ አስወጣው።

የቦል ፓይተኑ ምርመራ ደግሞ የተጀመረው ከተጣለ ቆዳ ነው። እባብ ሲያድግ የላይኛውን ቆዳውን ከአፍንጫው ጀምሮ ይገፈዋል፤ ቆዳው እንደ ወጣ ተገልብጦ ይቀራል። የእያንዳንዱ ቅርፊት ቅርጽ ይለይበታል፤ ዓይኑን የሸፈነው ብርሃን አሳላፊ ክዳን እንኳ አብሮ ይወጣል። ያ ስስ ደረቅ ቆዳ ዲኤንኤ አለው። በሚሺጋን የሚገኘው የኢስተርን ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከእባብ ባለቤቶችና ከአርቢዎች ይህን ቆዳ እየሰበሰበ መረመረ፤ አንድም እንስሳ መርፌ ሳይወጋ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ውጤት ሦስት መልኮችን ከሦስት ጂኖች ጋር አገናኘ፤ «አልቢኖ» የሚባለውን ከ«ታይሮሲኔዝ» ጂን፣ «ላቬንደር አልቢኖ» የሚባለውን ከ«ኦ ሲ ኤ 2»፣ «አልትራሜል» የሚባለውን ከ«ቲ ዋይ አር ፒ 1» ጋር። ሦስቱም ጂኖች ሜላኒን በሚሠራበት ሂደት ውስጥ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። አልቢኖውና ላቬንደሩ ቢዳቀሉ ልጆቹ ጤናማ ቡናማ የሚሆኑት ለዚህ ነው፤ አንዱ ወላጅ ያጣውን ሌላው ይሞላለታል።

እነዚህ ሦስት ጂኖች በሰው ልጅም ውስጥ አሉ፤ ሲበላሹም በሰው ላይ አልቢኒዝም ያመጣሉ። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በብዛት የሚታየው የሰው አልቢኒዝም ከ«ኦ ሲ ኤ 2» የሚነሳው ነው፤ በበቆሎ እባቡ ላይ የተገኘው ጂን ራሱ ማለት ነው። ጠይም ከሆኑ እናትና አባት ነጭ ልጅ ሲወለድ በእርግማን ወይም በእናቲቱ ለማሳበብ ለሚቸኩሉ ሰዎች የእባቡ ውርስ በቂ መልስ ይሰጣል። ሁለቱም ወላጆች ሳያውቁት ድብቁን ቅጂ ይዘዋል፤ ልጁ ደግሞ ሁለቱንም ወረሰ። ከዚህ ያለፈ ምሥጢር የለውም።

አልቢኖ ቦል ፓይተን ግን ሙሉ በሙሉ ነጭ አይደለም። ሜላኒን ቢጠፋም ዛንቶፎሮቹ አልተነኩም፤ ስለዚህ እባቡ ነጭና ደማቅ ቢጫ ይሆናል። አልቢኖ የበቆሎ እባብም ብርቱካናማና ቀይ ነው። አርቢዎች የበቆሎ እባብን ወደ ነጭ ያቀረቡት ሁለት ጉድለት በመደረብ ነው፤ ሜላኒን የሚያሳጣውን ድብቅ ጂን፣ ቀይ ቀለም ከሚያሳጣው ሌላ ድብቅ ጂን ጋር። የሁለቱ ድምር «ስኖው» ይባላል፤ ነጭና ሐምራዊ ሮዝ ነው። የሁለቱንም ጂኖች አንዳንድ ቅጂ የተሸከሙ ወላጆች ሲዳቀሉ ስኖው የመሆን ዕድል ከ16 አንድ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ሉሲዝም ነው፤ ቀቢዎቹ ሳይመጡ የሚቀሩበት። በመግቢያችን ላይ ያየነው ሰማያዊ ዓይን ያለው እባብ ከዚህ ወገን ነው፤ የባለ ጥቁር ዓይኑ ነጭነት ግን ከሌላ ጂን ስለሚመጣ ነው ልጆቻቸው ነጭ ያልሆኑት። ሞሃቪና ሌሰር የአንድ ጂን ሁለት የተበላሹ ቅጂዎች ናቸው። አንድ ቅጂ ብቻ የወረሰው እባብ ቡናማ ሆኖ መልኩ ትንሽ ይለወጣል፤ አርቢ የሚያውቀው ዓይነት ለውጥ ነው። ሁለቱን የወረሰው ነጭ ይሆናል። ከአራቱ ዕድሎች አንዱ ነጭ፣ አንዱ ሞሃቪ፣ አንዱ ሌሰር፣ አንዱ እንደ ዱር አቻው የሚሆነውም በዚሁ ስሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት እነዚህን ሰማያዊ ዓይን ያላቸውን ነጭ ቦል ፓይተኖች «ኢ ዲ ኤን አር ቢ 1» ከሚባለው ጂን ጋር አያያዛቸው። ይህ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን ኢንዶተሊን የሚባለውን መልእክት የሚቀበል ነው። ተመራማሪዎቹ የደረሱበት ማብራሪያ ጂኑ በከፋ መጠን ሲበላሽ የቀለም ህዋሳቱ ይጠፋሉ፣ በመጠኑ ሲበላሽ ጀርባ ላይ ቁመታዊ መስመር ይወጣል፣ ጥቂት ሲነካ ደግሞ የዥጉርጉሩ ቅርጽ ብቻ ይለወጣል የሚል ነው።

የሁለቱን መንገዶች ልዩነት የሚናገረው ዓይን ነው። የአልቢኖ እባብ ብሌን ቀይ ነው፤ በዓይኑ ውስጥም ሜላኒን ስለሌለ የደም ሥሮቹ ይታያሉ። ሉሲዝም ያለበት እባብ ብሌን ግን ጥቁር ነው። ምክንያቱም ከዓይን ጀርባ ያለው ጥቁር ሽፋን የሚመነጨው ወደ ቆዳ ከሚጓዙት ህዋሳት ሳይሆን ከራሱ ከፅንሱ አንጎል ነው፤ መጓዝ አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ቀለሙን አያጣም። ሰማያዊ ዓይን ባለው እባብ ላይ በብሌኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት ግን ተጓዥ ህዋሳቱን ስላጣ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ነጭ እባብ ያየ ሰው መጀመሪያ ዓይኑን ይመልከት።

በሁለቱ መካከል የሚቆም ሌላ መልክም አለ፤ ባርማው ወይም ፓይቦልድ የሚባለው። እንዲህ ያለው እባብ በአንድ በኩል የተለመደው ቡናማ ጌጡ አለው፤ በድንገት ጌጡ ያበቃና ሰፊ ነጭ ቆዳ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት መነሻው «ቲ ኤፍ ኢ ሲ» በሚባል ጂን ላይ ያለ፣ ፕሮቲኑን በመሃል የሚያቋርጥ ሚውቴሽን እንደሆነ አመለከተ። ተመራማሪዎቹ በዚህ አላበቁም። ያንኑ ጂን በአንድ የእንሽላሊት ዝርያ ላይ ክሪስፐር በተባለው የጂን ማረሚያ ዘዴ አበላሽተው አዩት፤ እንሽላሊቶቹ ኢሪዶፎሮቻቸውን አጡ። ጂኑ ለቀለም ህዋሳት እድገት የግድ እንደሚያስፈልግ በዚህ ተረጋገጠ።

እስካሁን ያየናቸው ነጭነቶች ሁሉ ከጉድለት የመጡ ናቸው። ከመብዛት የሚመጣም አለ፤ ይህንንም ያስተማረው የእባብ ዘመድ የሆነው ሌፐርድ ጌኮ ነው። «ለመን ፍሮስት» የተባለው የዚህ እንሽላሊት ዓይነት ነጩ የጎላ፣ ቢጫው የደመቀ በመሆኑ በአርቢዎች ዘንድ እጅግ ተወዶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በእንስሳቱ ቆዳ ላይ ነጭ እብጠቶች መውጣት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የተመራው ጥናት ነጩን ያጎላው የኢሪዶፎር ህዋሳት ያለልክ መራባት እንደሆነ አሳየ፤ እብጠቶቹም የእነዚሁ ህዋሳት ዕጢዎች ነበሩ። የተጠረጠረው «ስፒንት 1» የተባለው ጂን በሰው የቆዳ ካንሰር ጥናትም ስሙ የሚነሳ ነው። ገበያው የከፈለበት ውበትና እንስሳውን የሚገድለው በሽታ አንድ ነገር ሆነው ተገኙ።

የቀለም ህዋሳት ብቻቸውን ስለማይጓዙ ከነጭነት ጋር ሌላ ጉዳት ቢመጣም ሊያስገርም አይገባም። ከዚያው ከነርቭ ጠርዝ የአንጀት ነርቮችም ይመነጫሉ። በፈረስ ላይ የዚሁ የኢንዶተሊን ተቀባይ ጂን አንድ ሚውቴሽን ከሁለቱም ወላጆች ሲወረስ ውርንጭላው ነጭ ሆኖ ይወለዳል፤ አንጀቱ ነርቭ ስለሌለው ግን በቀናት ውስጥ ይሞታል። ነጮቹ ቦል ፓይተኖች አድገው ይራባሉ፤ ሆኖም ሌሰር ከሌሰር ሲዳቀል ዓይናቸው ያበጠ ግልገሎች እንደሚፈለፈሉ አርቢዎች ያውቃሉ። በነጩ የቴክሳስ አይጥ በል እባብ ላይም ይኸው የዓይን ማበጥ ይታያል። በቀለሙ የተወደደው «ስፓይደር» የተባለው ቦል ፓይተን ደግሞ ራሱን አስተካክሎ መያዝ ያቅተዋል፤ የውስጥ ጆሮው የተዛባ መሆኑ በ2022 በታተመ ጥናት ተረጋግጧል።

የቦል ፓይተኖቹ መልኮች መነሻ በአብዛኛው ዱር ነው። ቦል ፓይተን ቀኑን በአይጥ ጉድጓድና በምስጥ ኩይሳ ውስጥ ያሳልፋል፤ በዱር ነጭ ሆኖ የተወለደ ለአዳኝ ይጋለጣል። ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን ለዓመታት ወደ ውጭ ከተላኩት ብዙ እባቦች መካከል የተገኙት ጥቂት ልዩ መልኮች የዛሬዎቹ መስመሮች አባትና እናት ሆኑ። ሚውቴሽኑን የፈጠረው አርቢው አይደለም፤ የተሰወረውን ያወጣውና ያበዛው ግን እሱ ነው። ስለዚህ ኃላፊነቱም የእሱ ነው።

ዛሬ መነሻቸው የታወቀ ድብቅ ጂኖችን ከተጣለ የእባብ ቆዳ ብቻ መለየት ይቻላል። ከሁለት ተሸካሚዎች የተወለደን ቡናማ እባብ «66 በመቶ ተሸካሚ ሊሆን ይችላል» ብሎ በግምት መሸጥ ምክንያት የለውም፤ ጉዳት እንደሚያመጣ የታወቀን ጥምረት ሳያውቁ ማዳቀልም እንዲሁ። የሚያራባም የሚገዛም ሰው «ምን ያህል ነጭ ነው?» ከማለቱ በፊት «በየትኛው ጂን ነጭ ሆነ? ያ ጂን ከቀለም ሌላ ምን ይሠራል?» ብሎ ይጠይቅ። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ያላገኘ ሰው እንስሳቱን ባያዳቅል ይሻላል።