ዘመድ፣ ዕቁብተኛና ጎረቤት፦ የጥቅም ግጭት ሕግ በወልቂጤና በቡታጅራ



ስለ ሥነ ምግባር በሚሰጡ ሥልጠናዎች መክፈቻ ላይ ሳትነገር የማትቀር፣ ስለ መሾምና ስለ መብላት የምታወሳ አንዲት ምሳሌያዊ አነጋገር አለች። ሁላችሁም ስለምታውቋት ዛሬ አልደግማትም። የማልደግማት ስለ ሰለቸችኝ ብቻ አይደለም፤ የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ የሚበላው ሹም ስላልሆነ ጭምር ነው። የምናገረው ምንም ሳይበላ፣ ነገር ግን ሊቀመጥበት በማይገባው ጉዳይ ላይ ተቀምጦ ስለሚወስን ሰው ነው።

"የጥቅም ግጭት" የሚለው ስያሜ ከመነሻው ያሳስታል። በአማርኛ "ግጭት" ሲባል በዓይነ ኅሊናችን የሚመጡት ሁለት ወገኖች ናቸው። ተማሪዎቼን ምሳሌ ስጡኝ ስላቸው ብዙዎቹ በወሰን የተካሰሱ ጎረቤታሞችን ወይም በገበያ የተፎካከሩ ነጋዴዎችን ይጠቅሳሉ። ሕጉ የሚያወራው ግን ስለ አንድ ሰው ነው። ያ ሰው የሕዝብን ማኅተም ይዟል፤ በዚያው ጉዳይ ላይ ደግሞ የራሱ ወይም የቅርብ ሰዉ ጥቅም አለበት። ግጭቱ በሁለቱ ግዴታዎቹ መካከል ነው፤ ከሳሽም ተከሳሽም አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው ይከፋል፤ የጥቅም ግጭትን ከሙስና ጋር አንድ አድርጎ ማየት ማለቴ ነው። ሙስና ድርጊት ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 881/2007 ተዘርዝሮ ቅጣት ተወስኖለታል። የጥቅም ግጭት ግን ሁኔታ ነው። ወንድሙ የጨረታ ሰነድ የገዛበት የግዥ ኮሚቴ አባል እስካሁን ያጠፋው ጥፋት የለም፤ ወንድሙ ነጋዴ መሆኑ ወንጀል አይደለምና። ጥፋቱ የሚጀምረው ፖስታው ሲከፈት ዝም ብሎ የተቀመጠ እንደሆነ ነው። ይህን ልዩነት ስለማንለይ አንድን ሹም "በዚህ ጉዳይ ጥቅም አለህ ወይ?" ብሎ መጠየቅ "ሌባ ነህ ወይ?" እንደማለት ይሰማል። ስለዚህም ማንም አይጠይቅም፤ ያልተጠየቀውም አይናገርም።

ጉዳዩን ወደ ሁለቱ ከተሞች ላምጣው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ወልቂጤ ወደ 29 ሺህ፣ ቡታጅራ ወደ 33 ሺህ ነዋሪ ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም እጅግ አድገዋል፤ የማኅበራዊ ኑሯቸው መልክ ግን ዛሬም የሚተዋወቅ ሰው ከተማ መልክ ነው። የደቡብ ክልል ፈርሶ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተ በኋላ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናቸው። አዲስ መዋቅር ማለት አዲስ ቢሮ፣ አዲስ ቅጥር፣ አዲስ የወንበርና የጠረጴዛ ግዥ፣ አዲስ የቦታ ጥያቄ ማለት ነው። ቢሮው ይበዛል እንጂ ቀጣሪውና ተቀጣሪው፣ ሻጩና ገዢው የሚመጡት ከዚያው ከሚተዋወቀው ሕዝብ መካከል ነው። የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ፣ የፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያና የግንባታ ዕቃ ነጋዴው አንድ ትምህርት ቤት ተምረዋል፣ በአንድ ዕድር ለቅሶ ይደርሳሉ፣ መስቀልን አብረው ያከብራሉ። ዘመድ የማይገኝበት ጉዳይ ብቻ ይወሰን ብንል በእነዚህ ከተሞች ምንም ነገር አይወሰንም።

ሕጉ ለዚህ ኑሮ ምን ይለዋል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን፣ ሹምም ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ ይሁን ይላል። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነት ሹማምንት ከሥራቸው ጋር ሊጋጩ የሚችሉ የውጭ ሥራዎችን፣ ሀብቶችንና ስጦታዎችን እንዲያሳውቁ የሚያደርግ ሥርዓት እንድንዘረጋ ይጠይቀናል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668 ደግሞ የጥቅም ግጭትን በስሙ ጠርቶ ትርጉም ሰጥቶታል። የፌዴራሉ አዋጅ በቀጥታ የሚገዛው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችንና የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን አስተዳደሮች ነው፤ ክልሎች በየራሳቸው ሕግ ይመራሉ። ቢሆንም አስተሳሰባችንን የቀረጸው እርሱ ስለሆነ በእርሱ ላይ ልቁም።

በዚህ አዋጅ "ቤተሰብ" ማለት በመሠረቱ የትዳር ጓደኛና ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ጥገኛ ልጅ ነው። ይህን ስታነቡ አዋጁን ያረቀቀው ሰው በየትኛው ከተማ ነው የሚኖረው ትላላችሁ። ወንድም የለበትም፤ አማት የለችበትም፤ ያሳደገ አጎት የለበትም። ሀብት ለማስመዝገብ ይህ ጠባብ ትርጉም ምክንያት አለው፤ የአጎቱን ሱቅ ሁሉ አስመዝግብ ማለት አይቻልምና። ችግሩ ስለ ሀብት የተሰጠው ትርጉም ስለ ውሳኔም እንደሚሠራ አድርገን መያዛችን ነው። ምዝገባው በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል፤ ግለሰቡ ምን እንዳለው ይነግረናል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በተሰበሰበው ኮሚቴ ፊት የማን ማመልከቻ እንደቀረበና ማን እንደተቀመጠ ግን አይነግረንም።

አሁን ወደ ዕቁብ ልምጣ፤ በዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ለምሳሌ ያህል አንድ የግዥ ባለሙያ እናስብ። ከደመወዙ እየቆጠበ ከነጋዴዎች ጋር ትልቅ ዕቁብ ይጥላል። ዕጣው በሦስተኛው ወር ወጣለት። እንደ ደንቡ ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ዋስ ማቅረብ አለበት፤ አንድ የጽሕፈት ዕቃ ነጋዴ ዋስ ሆነው ፈረሙለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቁቡ እስኪያልቅ ድረስ ባለሙያው ባለ ዕዳ ነው፤ ነጋዴው ደግሞ የዕዳው ተጠያቂ ናቸው። በአምስተኛው ወር መሥሪያ ቤቱ የጽሕፈት ዕቃ ጨረታ አወጣ፤ ነጋዴው ተወዳደሩ፤ ባለሙያው ገምጋሚ ሆኖ ተሰየመ። እዚህ ውስጥ ጉቦ የለም። ዝምድናም የለም። በደም ቢቆጠር ሁለቱ ባዕድ ናቸው። ነገር ግን በዚያ ክፍል ውስጥ የዋሱን ፊት እያየ "ዋጋዎ በዝቷል" ለማለት ስንቱ ሰው ይደፍራል? በትክክል ቢወስን እንኳ የተሸነፈው ተወዳዳሪ የዕቁቡን ነገር በሰማ ቀን ምን ይላል? ሕጉ በደም ዝምድና ላይ ዓይኑን ተክሎ ሳለ፣ በእነዚህ ከተሞች ሰውን ከሰው የሚያስተሳስረው ብርቱው ገመድ በሌላ በኩል ያልፋል።

ከዚህ ተነሥተው "እንግዲያው የመንግሥት ሠራተኛ ከነጋዴ ጋር ዕቁብ አይጣል" የሚሉ አሉ። አልስማማም። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች ተሰባስበው፣ ገንዘብ አዋጥተው፣ የትውልድ አካባቢያቸውን ከዋናው አውራ ጎዳና ጋር የሚያገናኝ መንገድ እንዲሠራ አድርገዋል። የጉራጌ መንገዶች ሥራ ድርጅት ታሪክ ለአስተዳደር ተማሪ ከብዙ መማሪያ መጻሕፍት የበለጠ ያስተምራል። ያን መንገድ የሠራው በጀት ሳይሆን መተማመን ነው፤ መተማመኑም የተገነባው በአገር ልጅነት፣ በዕድርና በዕቁብ ነው። መዋጮውን ያስከፈለው ፖሊስ ሳይሆን ይሉኝታ ነው። እንግዲህ ይህ ይሉኝታ መንገድ ሲያሠራ ካመሰገንነው፣ ጨረታ ሲያበላሽ ብቻ "ኋላ ቀር ልማድ" ብንለው ፍርዳችን አድሏዊ ይሆናል። ገመዱ አንድ ነው፤ የሚለያየው የምንጎትትበት ቦታ ነው። ስለዚህ የሕጉ ሥራ ገመዱን መበጠስ ሊሆን አይችልም። ባለ ገመዱ ውሳኔ በሚሰጥበት ሰዓት ከጠረጴዛው እንዲነሣ ማድረግ ነው።

ይህ ለአገራችን አዲስ ሐሳብ አይደለም። ዳኞቻችን ሲሠሩበት ኖረዋል። ከተከራካሪው ወይም ከጠበቃው ጋር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና ያለው ዳኛ፣ ቀድሞ በጉዳዩ ውስጥ የነበረ ዳኛ፣ ከተከራካሪው ጋር ራሱ ሙግት ያለው ዳኛ ከችሎት ይነሣል፤ ከእነዚህ ውጭ ለሆነ "በቂ ምክንያት"ም በሩ ክፍት ነው። ከችሎት የተነሣን ዳኛ ሌባ የሚለው የለም፤ እንዲያውም ይከበራል። ያ ክብር ከፍርድ ቤቱ ግቢ ተሻግሮ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ያልገባው ለምንድን ነው? አንዱ መልስ እንዲህ ይመስለኛል፦ ችሎት ላይ የሚነሣበት ሥርዓት፣ ቃሉና የሚተካው ሰው የታወቁ ናቸው። በቦታ ድልድል ኮሚቴ ውስጥ ግን "እነሣለሁ" የሚል ሰው ምን ብሎ እንደሚናገር፣ የት እንደሚጻፍለት፣ ማን እንደሚተካው አያውቅም። ዘመዱን የካደ ያስመስለዋል፤ አለቃውንም ያስቆጣል።

በዚህ ጉድለት ማን እንደሚጎዳ ለማየት በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት በመላ አገሪቱ ያስነሣውን ቅሬታ አስታውሱ። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ500 ሺህ ብር በታች የሆነ ግለሰብ ነጋዴዎች ደረጃ "ሐ" ተብለው መዝገብ የመያዝ ግዴታ ሳይኖርባቸው በግምት ይከፍሉ ነበር። ገማቹ ሱቁን አይቶ ይሄዳል፤ ቁጥሩ በኋላ ይመጣል። ቅሬታው የቁጥሩ መብዛት ብቻ አልነበረም፤ "ጎንና ጎን እየሠራን የእኔ ለምን ከእሱ በለጠ?" የሚለውም ነበረበት። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን አንድ መስመር ጽሑፍ፣ ማለትም ገማቹ ከየትኛው ነጋዴ ጋር ምን ግንኙነት እንዳለው የሚገልጽ መስመር ቢኖር፣ ግምቱ ትክክል በሆነበት ቦታ ሁሉ ገማቹን ያድነው ነበር። ቡና አፍልታ የምትሸጥ ሴት ግን የምትከራከርበት ሰነድ የላትም፤ ያላት ጥርጣሬ ብቻ ነው። በትናንሽ ከተሞች ደግሞ ጥርጣሬ ከውሳኔው በላይ ዕድሜ አለው።

የሌሎችን አገሮች ልምድ በአጭሩ ላንሣ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ በገንዘብ የሚለካ ጥቅም ያለው የምክር ቤት አባል በጉዳዩ እንዳይወያይና ድምፅ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ለእኛ የሚቀርበው ግን የደቡብ አፍሪካው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች ግዥ ደንብ በመንግሥት ሥራ ላይ ላለ ሰው ራሱ ውል መስጠትን ይከለክላል። ለትዳር ጓደኛው፣ ለልጁ ወይም ለወላጁ ከ2,000 ራንድ በላይ የሆነ ውል ሲሰጥ ግን አይከለክልም፤ በከተማዋ ዓመታዊ የሒሳብ መግለጫ ላይ ተጽፎ እንዲወጣ ያዛል እንጂ። ለራስ ክልከላ፣ ለቤተሰብ ግልጽነት ማለት ነው። ይህ ክፍፍል ሰው ዘመድ እንዳለው አምኖ የሚነሣ ስለሆነ ደስ ይለኛል፤ ዕቁብ ግን በዚያም ደንብ ውስጥ የለም።

እንግዲህ ለሁለቱ ከተሞች የማስበው እጅግ ቀላል ነገር ነው። የግዥ፣ የቅጥር፣ የቦታና የግብር ግምት ኮሚቴ ቃለ ጉባዔ ሁሉ ከአጀንዳው ቀጥሎ አንድ ቋሚ ጥያቄ ይኑረው፦ ከባለ ጉዳዮቹ መካከል ዘመድ፣ የንግድ ሸሪክ፣ ዋስ፣ አበዳሪ ወይም የዕቁብ ማኅበርተኛ ያለው አባል አለ ወይ? እያንዳንዱ አባል "የለኝም" ወይም "አለኝ" ብሎ ይፈርም። ጥያቄው ለሁሉም፣ ሁልጊዜ የሚቀርብ ከሆነ ማንንም አያሳፍርም፤ ጠያቂው ወረቀቱ እንጂ የበታች ሠራተኛው አይደለምና። ዕድርን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ዕድር ከገባ ኮሚቴው ባዶ ይቀራል። የዕቁብ ዋስትና ግን ሊታለፍ አይገባውም።

ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ አውቃለሁ። አንደኛው ሰዎች ከከባድ ውሳኔ ለመሸሽ "ዘመድ አለኝ" ይላሉ የሚል ነው። ይሉ ይሆናል፤ ነገር ግን የተጻፈ ሽሽት ይቆጠራል፣ በዓመት አሥር ጊዜ የተነሣ ሰውም ወደ ሌላ ሥራ ሊዛወር ይችላል። ሁለተኛው ይከብዳል፦ ባለሙያው አንድ ብቻ በሆነበት ጽሕፈት ቤት ማን ይተካው? ለትንሹ ጉዳይ ከጎረቤት ወረዳ ሰው መዋስ፣ ለትልቁ ጨረታ ደግሞ ወልቂጤና ቡታጅራ አንዳንድ ገምጋሚ ቢለዋወጡ የሚል ሐሳብ አለኝ፤ አበል ያስወጣል፣ ሁለት ዞኖችንም ማስማማት ይጠይቃል።

ይህን ሁሉ ማን ይከታተል ለሚለው የተለመደው መልስ "የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍሉ" የሚል ነው። የዚያ ክፍል ሠራተኛ ተጠሪነቱ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ሆኖ ሳለ፣ ኃላፊውን "እርስዎስ በዚህ ጉዳይ ዋስ አለዎት?" ብሎ እንዲጠይቅ መጠበቅ ሠራተኛውን ራሱን በጥቅም ግጭት ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ቃለ ጉባዔው በከተማው ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ ወይስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ የሚለው ግን እኔም ያልቆረጥኩት ነው። ሰሌዳው የዕቁብን ምስጢር ያወጣል፤ ነጋዴዎች ይህን እንደማይወዱት አውቃለሁ። በአዳራሹ ውስጥ ዕቁብ የሚጥሉም የሚሰበስቡም ስላሉ በዚህ ላይ የእናንተን ሐሳብ ብሰማ እወዳለሁ፤ ድምፅ ማጉያውን ወደ ኋላ አሳልፉልኝ።