ጂኦግራፊን የተሰናበቱት ተማሪዎችና የቆቦ ተራሮች

አንድ የቆቦ ተማሪ 11ኛ ክፍል ገብቶ የተፈጥሮ ሳይንስን ከመረጠ ጂኦግራፊን ይሰናበታል። ስለ ስምጥ ሸለቆ፣ ስለ እሳተ ገሞራና ስለ ምድር አፈጣጠር የሚያወራው ትምህርት ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ይቀራል። 12ኛ ክፍል ላይ የባዮሎጂ መምህሩ የዝግመተ ለውጥን ምዕራፍ ሲከፍት እነዚያው ልጆች ስለ ቅሪተ አካል እንዲማሩ ይጠበቃል። ቅሪተ አካሉ የተኛበት ድንጋይ ግን የሌላ ክፍል ትምህርት ሆኗል። እንግዳ አከፋፈል ነው። ቆቦ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ የተቀረው ትምህርት በመስኮት ይታያላ!

በምዕራብ ወደ ላስታ የሚወጣው ገደል፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ መካከሉ ሜዳ። ሜዳው በደጋውና በአፋር ድንበር ላይ የሰመጠ መሬት ነው። ተራራውን የሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከከርሰ ምድር እየፈሰሰ የተነባበረ ቅልጥ አለት ሲሆን፣ አብዛኛው የወጣው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ነው፤ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ ውፍረቱ 2 ኪሎ ሜትር የሚደርስበት ቦታ አለ። በእንዲህ ዓይነቱ የጥቁር ድንጋይ ንጣፍ መካከል አልፎ አልፎ ቀላ ያለ መስመር ይገኛል። አንዱ ፍሰት ቀዝቅዞ፣ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት አፈር ሆኖ፣ ምናልባትም ሣር በቅሎበት ከቆየ በኋላ ሌላው መጥቶ ሲሸፍነው የቀረ ምልክት ነው። እኔ መምህር ብሆን ምዕራፉን የምጀምረው ከዚያ ቀይ መስመር ነው። ስለ ዝንጀሮ ለማውራት ገና ብዙ ይቀረናል።

ቻርለስ ዳርዊንም ቢሆን በቢግል መርከብ ሲጓዝ በእጁ የያዘው የቻርለስ ላየልን የሥነ ምድር መጽሐፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1835 ቺሊ ላይ ሳለ ምድር ተንቀጠቀጠች፤ የባሕሩ ዳርቻም ከፍ ብሎ ውኃ የራቃቸው ዛጎሎች ሞተው ተገኙ። ተራራ በትንሽ በትንሹ እንደሚነሣ፣ ለዚህም እጅግ ረጅም ጊዜ እንደሚያስፈልግ ያመነው የሕያዋንን ለውጥ ከመጻፉ በፊት ነው። የቆቦ ልጅ ለዚህ ቺሊ መሄድ አያሻውም። ቆቦ በተቀመጠችበት በዚሁ የአፋር ምዕራባዊ ጠርዝ፣ ወደ ደቡብ ራቅ ብሎ፣ በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬንና ማጀቴን ያፈረሰ ርዕደ መሬት ደርሷል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ደግሞ አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ስንጥቅ በሳምንታት ውስጥ ተከፍቶ ምድሪቱ እስከ 8 ሜትር ተራርቃለች።

«ሚሊዮን» ግን አፍ ላይ ይቀላል እንጂ ልብ ውስጥ አይገባም። ከወልዲያ ቆቦ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን አስፋልት እንዋስ። ምድር ከ4.54 ቢሊዮን ዓመት በፊት ወልዲያ ላይ ተወለደች፣ ዛሬ ደግሞ ቆቦ መናኸሪያ ነው እንበል። የሕይወት ቀደምት አሻራ ገና ከወልዲያ ሳንርቅ፣ 11 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ይገጥመናል። ከዚያ በኋላ ረጅሙ መንገድ የረቂቅ ተሕዋስያን ነው። ልዩ ልዩ እንስሳት በብዛት የሚታዩት ቆቦ ለመግባት 6 ኪሎ ሜትር ሲቀር ነው። ዳይኖሰሮች በ727 ሜትር ላይ ይጠፋሉ፤ የላስታ ድንጋይ በ330 ሜትር ላይ ይፈሳል። ሉሲ 35 ሜትር ሲቀር ትደርሳለች። ከኦሞ ወንዝ አካባቢ የተገኘው የእኛው ዝርያ ቅሪት፣ ቢያንስ 230,000 ዓመት የሚገመተው፣ ሁለት ሜትር ተኩል ሲቀር። አክሱም? ሁለት ሴንቲ ሜትር። ስሌቱን ተማሪዎቹ ራሳቸው ቢሠሩት ይመረጣል።

ከእነዚህ ጥቁር ተራሮች አጥንት ለማግኘት ግን መድከም ዋጋ የለውም። የጋለ ቅልጥ አለት የነካውን ያቃጥላል። አጥንት የሚቆየው ሐይቅና ወንዝ በደለል ሲቀብሩት ነው። ጭልጋ ላይ እንዲህ ሆኗል፦ የደጋው ድንጋይ ከፈሰሰ ከጥቂት ሚሊዮን ዓመታት በኋላ፣ ከ27 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ደለል የቀበራቸው የዝሆን ቀደምት ዘመዶች ተገኝተዋል። አብሯቸው የወጣው አርሲኖይቴሪየም የተባለ ባለ ሁለት ቀንድ ግዙፍ እንስሳ ዛሬ አንድም ተወላጅ የለውም። አፍሪካና ዓረቢያ ያኔ ከሌላው ዓለም በባሕር ተለይተው ነበር። የዝሆን ወገን እዚሁ ያደገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጂኦሎጂን ትተን ይህን ለማስረዳት ብንሞክር ተረት ይሆናል።

ከዞብል ባሻገር ወዳለው አፋር ስንወርድ ነገሩ ይበለጽጋል። ሉሲ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ተገኘች፤ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመሩት ቡድን ሰላም የተባለችውን ቅሪት ዲኪካ ላይ አገኘ፤ ዮሐንስ ኃይለሥላሴ የመሩት ቡድን ወራንሶ ሚሌ ላይ የ3.8 ሚሊዮን ዓመት ራስ ቅል አወጣ። ዕድሜያቸውን የነገረን በዋናነት ከአጥንቱ በላይና በታች ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ማዕድን ውስጥ ያለው ፖታሲየም በዝግታ ወደ አርጎን ይለወጣል። ቅልጡ ሲግል ጋዙ ያመልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይታፈናል፤ ቆጠራው ከዚያ ይጀምራል። አንድ ጎናቸው ቀለም የተቀባ መቶ የበቆሎ ፍሬዎችን እየበተኑ፣ ቀለሙ ወደ ላይ የወጣውን እያነሡ የቀረውን መቁጠር የግማሽ ዕድሜን ነገር በአንድ ክፍለ ጊዜ ያስረዳል። ጦርነት የተመላለሰበት አካባቢ ላይ ላብራቶሪ እስኪሟላ መጠበቅም የለም።

እርግጥ «ሰው ከዝንጀሮ መጣ ትላላችሁ?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ክፍሉ ውስጥ ጾም የያዘችም ሶላት የሚሰግድም አለ፤ በጥያቄው መቆጣት የመምህር ወግ አይደለም። ጭላዳን መጥራት ይረዳል። ላስታ ውስጥ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ሣር እየነጨ የሚኖረው ጭላዳ የወገኑ ብቸኛ ተራፊ ነው። የጠፉ ዘመዶቹ ቅሪት ከሉሲ ጋር ሐዳር ላይ ይገኛል፤ ሣር ለማኘክ የተመቸ ጥርሳቸውም ይታወቃል። ጭላዳ ሰው ለመሆን ጉዞ ላይ አይደለም። የራሱን መንገድ ሄዷል፣ እኛም የራሳችንን፤ ሳይንሱ የሚለው መንገዶቹ ወደ ኋላ ሲከተሉ ይገናኛሉ ነው።

ተማሪዎቹን ይዞ ለጉብኝት ለመውጣት ጥሩው ወቅት ክረምቱ ሲያልፍ ነው፤ የሆርማትና የጎሊና ወንዞች ዳርቻ አዲስ ተቆርጦ ንጣፉ ይጋለጣል። ተራራው ሥር ኮረት፣ ሜዳው መሐል ደቃቅ ደለል፤ ከታች ያለው የቀደመ፣ ከላይ ያለው የተከተለ። ገበሬው ጎርፍ ጠልፎ ማሳው ላይ የሚያስተኛው ይህንኑ ደለል ነው። ለምነቱ በተሟጠጠ መሬት ላይ ግን አቀንጭራ የተባለው አረም ይበረታል። ዘሩ ከዓይን የሚሰወር ያህል ደቃቅ ነው፤ ለዓመታት አፈር ውስጥ ተኝቶ የማሽላና የመሰል ተክሎች ሥር የሚያመነጨውን ኬሚካል ሲያገኝ ይነቃል። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ገቢሳ ኤጄታ የሠሩባቸው አቀንጭራን የሚቋቋሙ ማሽላዎች ያንን መቀስቀሻ እምብዛም አያመነጩም፤ ከመካከላቸው አንዱ ለቆቦ ጎረቤት ከተማ ሞክሼ ነው፣ ጎብዬ ይባላል። አቀንጭራም ታዲያ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አንድ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይበትናል፤ ከእነዚያ ውስጥ በትንሽ ኬሚካል የሚነቃ ካለ፣ በጎብዬ ማሳ ላይ የሚተርፈውና የሚራባው እሱ ነው።