በዛፍ ሥር የተበተኑ ፀሐዮች

ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር፣ በዛፍ ጥላ ሥር የሚያርፍ ምእመን ሁሉ በመሬት ላይ የተበተኑ ክብ ክብ ብርሃናትን ሳያይ አይቀርም። ከወልድያ እስከ መርሳ፣ ከመርሳም እስከ ውርጌሳ ባለው አገር ጽድና ወይራ፣ ዋርካና ሾላ በየደብሩ ተጠብቀው ስለ ኖሩ ይህ ትርኢት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ በቅጠልና በቅጠል መካከል ያለው ክፍተት ጎባጣና ሾጣጣ ሲሆን በእርሱ አልፎ የሚወርደው ብርሃን ስለ ምን ክብ ይሆናል?

ጥያቄው ጥንታዊ ነው። በግሪካዊው ፈላስፋ በአሪስጣጣሊስ ስም በሚነገሩት መጻሕፍት ውስጥ ተነሥቷል፤ የከዋክብት ሊቅ የነበረው ዮሐንስ ኬፕለርም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1604 ባሳተመው መጽሐፍ ምክንያቱን ተንትኖ አስረድቷል። ይኸውም ብርሃን በቀጥታ መስመር ስለሚሄድ ነው። ከፀሐይ ቀኝ ጫፍ የተነሣው ጨረር በጠባቡ ክፍተት አልፎ ወደ ግራ፣ ከግራ ጫፍ የተነሣውም ወደ ቀኝ ያርፋል፤ ስለዚህ በምድር ላይ የሚሣለው የክፍተቱ ቅርጽ ሳይሆን የፀሐይ መልክ ነው። ካሜራም ከዚሁ ሕግ የተገኘ ነው፤ ቃሉ በላቲን ክፍል ማለት ሲሆን፣ በቀዳዳ ብርሃን የሚገባበት ጨለማ ክፍል የዛሬው ካሜራ አባት ነው። እንግዲህ ቅጠሉ የተጠቀጠቀ ዛፍ ሁሉ ብዙ ቀዳዳ ያለው ካሜራ ነው ብንል አላጋነንም።

ልጆች ይህን በክር ሊለኩት ይችላሉ። ክፍተቱ ከመሬት 10 ሜትር ከፍ ቢል የክቡ ወርድ 9 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ 5 ሜትር ቢሆን ግማሹን ያህል ይሆናል። ፀሐይ ዘንበል ስትል ክቡ ሞላላ ይሆናል፤ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ግን በአገራችን ቀትር ላይ ከአናት በላይ ስለምትቆም ፍጹም ክብ ሆኖ ይታያል።

የዚህ ነገር ታላቅ ምስክር የታየው እሑድ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያ ማለዳ ጨረቃ በፀሐይ ፊት አለፈች፤ በላሊበላም ፀሐይ የእሳት ቀለበት መሰለች። በወልድያና በሐብሩም አብዛኛው ፊቷ ተሸፍኖ ነበርና፣ ደመና ባልጋረደበት ስፍራ ሁሉ በዛፍ ሥር ያሉት ክቦች ማጭድ የሚመስል ቅርጽ ያዙ። ወደ ሰማይ ቀና ሳይሉ የሰማዩን ነገር በመሬት ላይ ማንበብ ይቻል ነበር።

ይህን የምናነሣው ስለ ልጆቻችን ዓይን ነው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ ሌላ የፀሐይ ግርዶሽ በአገራችን በከፊል እንደሚታይ ሊቃውንት ቆጥረዋል። በግርዶሽ ጊዜ ፀሐይን በባዶ ዓይን ማየት የዓይንን መጋረጃ ያቃጥላል፤ ቃጠሎው ሕመም ስለሌለው ልጁ የተጎዳ መሆኑን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ተራ የፀሐይ መነጽርም አያድንም። ክረምቱ ፋታ ከሰጠ ግን ልጆቹን ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው በዛፍ ሥር ማቆምና ነጭ ነጠላ በመሬት ላይ መዘርጋት ይበቃል።

ፎቶግራፍ ማንሣት ለሚወድም መንገዱ ይኸው ነው፤ ፀሐይቱን ሳይሆን መሬቱን ያንሣ። በእጅ ስልክ ሲያነሣ ጣቱን በደማቁ ክብ ላይ አሳርፎ ብርሃኑን ይቀንስ፤ ያለዚያ ክቡ ነጭ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በዛፎች መካከል የሚወርደውን ጨረር ለማንሣት የሚሻ ደግሞ ማለዳ፣ ጉም ሳይገፈፍ ይነሣ፤ በመስኮት የገባ ጨረር በዕጣን ጢስ ላይ ጎልቶ እንደሚታይ ሁሉ፣ በጫካም ጨረሩን የሚያሳየን ጉሙና አቧራው ነውና። ፀሐይዋን በግንድ ከልሎ ይቁም። አስቀድሞም የደብሩን አስተዳዳሪ ያስፈቅድ፤ በጸሎት ሰዓትም ከማንሣት ይከልከል።

ይህ ሁሉ ግን ዛፉ ሲኖር ነው። ቅርንጫፉ ሲመለመል ክፍተቱ ይሰፋል፤ በጥላው ላይ የነበሩት ትንንሽ ፀሐዮችም ቅርጻቸውን አጥተው ባዶ ብርሃን ብቻ ይሆናሉ። በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ ከብት የሚገባበት ደን ችግኙ እንደሚጠፋ፣ ከብት ሲከለከል ግን እንደሚያገግም አሳይተዋል። በዚያው አገር በብዙ አድባራት ዙሪያ የድንጋይ ካብ የተካበውም ስለዚህ ነው።

ስለዚህ ወጣቶቻችን በየዓመቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንዱ ዛፍ ሥር ያሉትን ክቦች ፎቶግራፍ ያንሡ፤ ዓመተ ምሕረቱንም ጽፈው ያኑሩ። ክቦቹ እንደ ነበሩ ቢቆዩ ጥላው ጸንቷል፤ ቢጠፉ ግን መጥረቢያ ገብቷልና፣ ሽማግሌዎች ሳይዘገይ እንዲመክሩበት ፎቶግራፉ ማስረጃ ይሆናቸዋል።