ማዕከላዊ ኤሲ ሲያረጅ፦ በአቅም የመተካት መንገድ

ማዕከላዊ ኤሲ አንድን ቤት በአንድ መሣሪያ የሚያቀዘቅዝና ቀዝቃዛውን አየር በቱቦ ወደየክፍሉ የሚያደርስ ሥርዓት ነው። በአሜሪካ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ እስከ ቴክሳስና ኔቫዳ ባሉ ሞቃት ግዛቶች፣ የግል ቤት ሲገዛ ብዙ ጊዜ አብሮ የሚገኝ ዕቃ ነው። በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤት ገዝተው የሚኖሩትም በእነዚሁ ግዛቶች ስለሆነ፣ በደጋ አየር ላደገ ሰው እንግዳ የሆነው ይህ መሣሪያ አንድ ቀን ከባድ የወጪ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ዕድሜው አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 20 ዓመት ነው። መተኪያው እንደ ከተማውና እንደ ቤቱ ቢለያይም ከ5,000 ዶላር በላይ መጠየቁ የተለመደ ነው፤ ከ10,000 የሚያልፍበትም ጊዜ ጥቂት አይደለም። በዚህ ወጪ ላይ ትልቁን ለውጥ የሚያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የማሽኑ ልክና የአገጣጠሙ ጥራት። የማሽኑ ስምና የተጻፈበት ቁጥር ከእነዚህ ቀጥሎ የሚመጡ ናቸው።

አሠራሩ

ኤሲ የሚሠራው ሙቀትን ከቤት ውስጥ አንሥቶ ወደ ውጭ በማውጣት ነው። ከቤቱ ጎን በመደብ ላይ የሚቀመጠው ትልቁ ሣጥን ኮንደንሰር ይባላል፤ በውስጡ ኮምፕረሰሩ፣ ሙቀቱን የሚያስወጣው ኮይልና ማራገቢያው አሉ። ኢቫፖሬተር የሚባለው ሁለተኛው ኮይል ቤዝመንት ወይም አቲክ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም በብርዱ ወራት ቤቱን ከሚያሞቀው ፈርነስ ጋር ተያይዞ ይገጠማል። የፈርነሱ ማራገቢያ በሙቀቱ ወራት ቀዝቃዛውን አየር ወደ ክፍሎቹ ይገፋል።

ሁለቱን ኮይሎች የሚያገናኙት ሁለት የመዳብ ቱቦዎች ናቸው። በጥቁር ስፖንጅ የተጠቀለለው ወፍራሙ ቱቦ የቤቱን ሙቀት የተሸከመውን ጋዝ ወደ ውጭ ይወስዳል፤ ቀጭኑ ደግሞ ሙቀቱን ጥሎ ፈሳሽ የሆነውን ይመልሳል። የቤት ውስጡ ኮይል ቀዝቃዛ ስለሆነ የአየሩ እርጥበት ላዩ ላይ ውኃ ይሆንና በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ይፈሳል። ሰው በኤሲ ሥር የሚሰማው ምቾት ከቅዝቃዜው በተጨማሪ ከዚህ የእርጥበት መቀነስ የሚመጣ ነው።

መጠገን ወይስ መተካት

የመጀመሪያው ቁጠባ ያልሞተውን ማሽን አለመቅበር ነው። ቤቱ አልቀዘቅዝ ሲል አስቀድሞ መታየት ያለባቸው ቀላል ነገሮች አሉ፤ በአቧራ የታፈነ ፊልተር፣ የወደቀ ብሬከር፣ የተደፈነ የውኃ መውረጃ። መውረጃው ሲደፈን ውኃ ወደ ኮርኒስ ወይም ወደ ወለል እንዳይፈስ የሚጠብቅ ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ ያላቸው ቤቶች አሉ፤ እሱ ማሽኑን ሲያቆመው ኤሲው የተበላሸ ይመስላል።

ቀጥሎ የሚፈተሸው ካፓሲተሩ ነው። የለስላሳ ጣሳ የሚያክል ብርማ ዕቃ ሲሆን ኮምፕረሰሩና ማራገቢያው ተነሥተው እንዲዞሩ የሚያግዝ ነው። ጤነኛው ካፓሲተር አናቱ ጠፍጣፋ ነው፤ የተበላሸው ብዙ ጊዜ ያብጣል፣ አንዳንዴም ዘይት ያንጠባጥባል። የውጭው ሣጥን እያጉረመረመ ማራገቢያው አልዞር ካለ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ዕቃው ራሱ በጥቂት አሥር ዶላሮች ይገዛል። ብሬከሩ ከጠፋ በኋላም ኤሌክትሪክ አምቆ ስለሚቆይ ግን ባለሙያ ያልሆነ ሰው ሊነካው አይገባም።

የመተካት ጥያቄ በእርግጥ የሚነሣው ኮምፕረሰሩ ሲቃጠል፣ ወይም ኮይሉ ተበስቶ ጋዝ ሲያፈስና የዋስትናው ጊዜ ሲያልፍ ነው። በሙያው ውስጥ አንድ የተለመደ ስሌት አለ፤ የማሽኑ ዕድሜ በጥገናው ዋጋ ይባዛል፤ ውጤቱ ከ5,000 ከበለጠ መተካት ይመረጣል። የ14 ዓመት ኤሲ የ300 ዶላር ጥገና ቢያስፈልገው ብዜቱ 4,200 ነውና መጠገኑ ያዋጣል። 1,500 ዶላር ከተጠየቀ ግን ብዜቱ 21,000 ይሆናል፤ ያን ገንዘብ ለአዲሱ ማዋል ይሻላል።

ጋዙም ውሳኔውን ይወስናል። ጋዝ በታሸገ ቱቦ ውስጥ የሚዞር ስለሆነ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም፤ ከጎደለ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይፈለግ በየዓመቱ ጋዝ መሙላት ገንዘብን በነፋስ መበተን ነው። በአሮጌ ማሽኖች ውስጥ ያለው አር-22 የተባለው ጋዝ የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ በአሜሪካ አዲስ ማምረትም ከውጭ ማስገባትም ተከልክሏል። የሚገኘው ቀድሞ የተከማቸው ወይም ከአሮጌ ማሽን ወጥቶ የተጣራው ብቻ ስለሆነ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። በአር-22 የሚሠራ ማሽን ማፍሰስ ከጀመረ ጊዜው አልፏል ማለት ይቻላል።

የማሽኑ ልክ

የኤሲ አቅም የሚለካው በቶን ነው። መለኪያው በበረዶ ይቀዘቀዝ ከነበረበት ዘመን የቀረ ነው፤ አንድ የአሜሪካ ቶን በረዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲቀልጥ የሚወስደውን ሙቀት፣ ማለትም በሰዓት 12,000 ቢቲዩ የማንሣት አቅምን ያመለክታል። የመኖሪያ ቤት ማሽኖች በአብዛኛው ከ1.5 እስከ 5 ቶን ናቸው።

አንዳንድ ኮንትራክተር በአሮጌው ሣጥን ላይ ያለውን ቁጥር አይቶ ያንኑ ልክ ይጽፋል፤ ሌላው ለማንኛውም ይሁን ብሎ ግማሽ ቶን ይጨምራል። ከልክ በላይ የሆነ ማሽን ቤቱን በጥቂት ደቂቃ አቀዝቅዞ ይቆማል፤ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ይነሣል። ኮይሉ እርጥበቱን ለማውጣት ጊዜ ስለማያገኝ ቤቱ ቀዝቃዛ ግን ጤዛ ጤዛ የሚል ይሆናል፤ ሻጋታም ይከተላል። ቶሎ ቶሎ መነሣቱ ደግሞ ኮምፕረሰሩን ያስረጃል። ዊሊስ ካሪየር እ.ኤ.አ. በ1902 በብሩክሊን ለነበረ ማተሚያ ቤት የነደፈው፣ የዘመናዊ ኤሲ መነሻ የሚባለው መሣሪያ የተፈለገው ወረቀቱን ያበላሽ የነበረውን እርጥበት ለመቆጣጠር ነበር። እርጥበትን የማያወጣ ኤሲ የተፈጠረበትን ሥራ አልሠራም።

ትክክለኛው ልክ የሚገኘው ማንዋል ጄ በሚባለው ስሌት ነው። ያወጣው የአሜሪካ የአየር ማቀዝቀዣ ኮንትራክተሮች ማኅበር ነው። ስሌቱ የቤቱን ስፋት፣ የመስኮቶቹን መጠንና አቅጣጫ፣ የግድግዳውንና የአቲኩን ኢንሱሌሽን፣ የነዋሪውን ቁጥርና የአካባቢውን ሙቀት አንድ ላይ ይመዝናል። አሮጌው ማሽን ከተተከለ ወዲህ መስኮቶቹ ተቀይረው ወይም አቲኩ በኢንሱሌሽን ተሸፍኖ ከሆነ ቤቱ ያነሰ ማሽን ሊበቃው ይችላል። አነስተኛ ማሽን ሲገዛም ሲሠራም ርካሽ ነውና አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥ እዚህ ላይ ገንዘብ ያድናል።

ከልኩ ጋር የአየር ቱቦዎቹም ይታያሉ። የአሜሪካ መንግሥት የኃይል ቁጠባ ፕሮግራም እንደሚገልጸው በተለመደ ቤት ውስጥ በአየር ቱቦ ከሚያልፈው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶው በቀዳዳና በላላ መገጣጠሚያ ይባክናል። የሚደረስባቸውን መገጣጠሚያዎች ማስቲክ በሚባለው ወፍራም ማሸጊያ መድፈን ብዙ ገንዘብ አይፈጅም፤ ባለቤቱ ራሱ ሊሠራው የሚችል ሥራም ነው። በጨርቅ የተሠራው ተራ ዳክት ቴፕ ግን ሙቀት ሲደጋገምበት ስለሚለቅ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

የቁጠባው ቁጥር

የማሽኑ የኤሌክትሪክ ቁጠባ ሲር 2 በሚባል መለኪያ ይገለጻል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ፍጆታው ዝቅ ይላል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ሜሪላንድን፣ ቨርጂኒያን፣ ዋሽንግተን ዲሲን፣ ጆርጂያንና ቴክሳስን በሚያካትተው የደቡብ ክልል አቅማቸው በሰዓት ከ45,000 ቢቲዩ በታች ለሆኑ ማሽኖች ዝቅተኛው 14.3 ነው፤ እንደ ሚኒሶታና ኮሎራዶ ባሉት የሰሜን ግዛቶች 13.4 ነው። ሻጮች ወደ 17ና ከዚያ በላይ መውጣትን ይመክራሉ። ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለውን ማንም ሰው በወረቀት ላይ ሊያሰላው ይችላል።

ባለ 3 ቶን ማሽን በሰዓት 36,000 ቢቲዩ ያነሣል። ይህ ለ14.3 ሲካፈል 2,517 ዋት ገደማ፣ ለ17 ሲካፈል 2,118 ዋት ገደማ ይሆናል። ማሽኑ በዓመት ለ1,000 ሰዓት ያህል በሙሉ አቅሙ ቢሠራ ልዩነቱ 400 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ኤሌክትሪኩ በኪሎዋት ሰዓት 17 ሳንቲም ከሆነ በዓመት የሚተርፈው 68 ዶላር ነው። ባለ 17ቱ በ1,500 ዶላር ከበለጠ ገንዘቡ የሚመለሰው በ22 ዓመት ነው፤ ማሽኑ ግን ያን ያህል ዕድሜ ላይኖረው ይችላል። ሰዓቱ እጥፍ በሚሆንበት እጅግ ሞቃት አካባቢ ጊዜው ወደ 11 ዓመት ስለሚወርድ ነገሩ ሊያስኬድ ይችላል። ገንዘብ ላጠረው ቤተሰብ እንግዲህ ሕጉ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ማሽን፣ በልኩ ተመርጦና በጥንቃቄ ተገጥሞ፣ የሚያኮራ ምርጫ ነው።

አብሮ የሚተካው

እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ የሚመረቱ አዳዲስ የቤት ኤሲዎች ቀድሞ በነበረው አር-410ኤ ፋንታ ከባቢ አየርን በማሞቅ ኃይላቸው ያነሱ ጋዞችን፣ በተለይም አር-454ቢን ወይም አር-32ን ይጠቀማሉ። ሁለቱም በመጠኑ ተቀጣጣይ ስለሆኑ ማሽኖቹ የየራሳቸው የጥንቃቄ መሣሪያ አላቸው። ጋዞቹ እርስ በርስ ስለማይለዋወጡ የውጭውን ሣጥን ብቻ ቀይሮ አሮጌውን የቤት ውስጥ ኮይል መተው አያዋጣም። ሁለቱ አንድ ላይ ተፈትነው የተመሰከረላቸው መሆን አለባቸው፤ ኮንትራክተሩ የዚህን የምስክር ወረቀት ቁጥር መስጠት ይችላል።

የመዳብ ቱቦዎቹ ልካቸው ከአዲሱ ማሽን ጋር ከተስማማ፣ ካልተበሱና በደንብ ከታጠቡ ሊቀሩ ይችላሉ፤ በግድግዳ ውስጥ ለተቀበሩ ቱቦዎች ይህ ብዙ ገንዘብ ያድናል። ፈርነሱ ገና ወጣት ከሆነ ይቆያል። እሱም ካረጀ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማሠራት የሠራተኛ ወጪ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ በብርድ ወራት አቅጣጫውን ገልብጦ ቤቱን የሚያሞቀውን ሂት ፓምፕ ማነጻጸርም ተገቢ ነው።

የዋጋ ማቅረቢያው

ቢያንስ የሦስት ኮንትራክተሮች ዋጋ በጽሑፍ መሰብሰብ አለበት። ጥሩ ማቅረቢያ የሁለቱንም ክፍሎች ሞዴል ቁጥር፣ የተሠላውን ልክ፣ የመዳብ ቱቦው መታጠቡን ወይም መቀየሩን፣ የኤሌክትሪክ ሥራውን፣ ፐርሚቱን፣ የአሮጌውን ዕቃ ማንሣትና የሥራውን ዋስትና ለየብቻ ይዘረዝራል። አንድ ጠቅላላ ድምር ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ለማነጻጸር አይመችም። ኮንትራክተሩ የግዛቱ ፈቃድ እንዳለው በግዛቱ የፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ይረጋገጣል፤ ጋዝ የሚነካው ሠራተኛም በፌዴራል ሕግ የብቃት ማረጋገጫ ሊኖረው ግድ ነው። ፐርሚት ይቅርና ዋጋ ይቀንስ የሚል ሐሳብ መቀበል የለበትም፤ የኢንስፔክተሩ ምርመራ ባለቤቱ የማያየውን ስሕተት የሚያይ ብቸኛው ገለልተኛ ዓይን ነው።

አገጣጠሙ

በመልካም አገጣጠም የመዳብ ቱቦዎቹ ሲበየዱ በውስጣቸው ናይትሮጅን ይለቀቃል፤ ያለዚያ ውስጣቸው ጥቁር ቅርፊት ያወጣና ቅርፊቱ ማሽኑን ይደፍናል። ቀጥሎ ቱቦው በናይትሮጅን ግፊት ተሞልቶ እንደማያፈስ ይፈተሻል። ከዚያም ቫኪዩም ፓምፕ አየሩንና እርጥበቱን መጥጦ ያወጣል። ጠንቃቃ ቴክኒሺያን መለኪያው ከ500 ማይክሮን በታች እስኪወርድ ይጠብቃል፤ ፓምፑን ዘግቶም ቁጥሩ ተመልሶ መውጣት አለመውጣቱን ያያል። ቶሎ ከወጣ ወይ እርጥበት ቀርቷል ወይ ቀዳዳ አለ። ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ የሚቸኩል ሠራተኛ በመጀመሪያ የሚዘለውም እሱን ነው። በመጨረሻ የጋዙ መጠን በአምራቹ መመሪያ መሠረት በሙቀትና በግፊት ልኬት ይስተካከላል፤ የሚያልፈው አየርም ይለካል፤ የተለመደው መነሻ በቶን በደቂቃ 400 ኪዩቢክ ጫማ ያህል ነው። እነዚህ ቁጥሮች በወረቀት ተጽፈው ለባለቤቱ እንዲሰጡት መጠየቅ መብቱ ነው።

ገንዘቡና ጊዜው

ኮንትራክተሮች በሥራ የሚጨናነቁት ሙቀቱ በጠናበት ወቅት ስለሆነ ዋጋ ለመደራደር የሚመቹት የፀደይና የመጸው ወራት ናቸው። ማሽኑ በሐምሌ ሙቀት ቢሞት አንድ ርካሽ የመስኮት ኤሲ ለመኝታ ክፍል ገዝቶ ጥቂት ሳምንት ማለፍ፣ በጭንቀት ከሚፈረም ውል ያድናል። የፌዴራሉ የታክስ ቅናሽ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ በኋላ ለተተከሉ መሣሪያዎች ቀርቷል፤ ብዙ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ግን የየራሳቸው ተመላሽ ክፍያ ስላላቸው ከመፈረም በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ያለው የፌዴራሉ የቤት ማሻሻያ ርዳታ ኢንሱሌሽንና አየር የሚያፈሱ ቀዳዳዎችን ማሸግ በነፃ ይሠራል። በብድር ሲሠራ ወርሃዊ ክፍያውን ብቻ ማየት ያታልላል። ወለድ የለውም የተባለው ብድር በጊዜው ተከፍሎ ካላለቀ ከመጀመሪያው ቀን ያለው ወለድ በሙሉ የሚጨመርበት ውል ሊሆን ስለሚችል ጽሑፉ ይነበባል።

ከተተከለ በኋላ

ብዙ አምራቾች የ10 ዓመት የዕቃ ዋስትና የሚሰጡት ማሽኑ በተተከለ በ60 ወይም በ90 ቀን ውስጥ ሲመዘገብ ነው፤ ያልተመዘገበው ብዙውን ጊዜ ወደ 5 ዓመት ይወርዳል። ምዝገባው ነፃ ነውና ኮንትራክተሩ አድርጎታል ብሎ መተው አይገባም። ፊልተሩ በየአንድ እስከ ሦስት ወሩ ይቀየራል። በዓመት አንድ ጊዜ ኤሌክትሪኩ ጠፍቶ የውጭው ኮይል ለስላሳ ግፊት ባለው ውኃ ይታጠባል፤ በዙሪያው የበቀለው ቁጥቋጦ ይቆረጣል፤ የውኃ መውረጃውም ይጸዳል። ውሉ፣ የልኬት ወረቀቱና የምዝገባው ማስረጃ በአንድ ላይ ከተቀመጡ፣ በኋላ ለሚመጣ ጥገናም ሆነ ቤቱ ሲሸጥ ያገለግላሉ።